ዘርጋ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፍራንኮ ሠፈር
የሰው እህል ስፈጭ ከሞተሩ ጋር፣
ጤፉ በጆንያ ገባ፣ በጆንያ ወጣ፤
ብናኙ ግን ቀረ፣
ደረቴ ላይ ሰፍሮ፣ ኪራይ ሳያመጣ።

ያን ጊዜ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል
ዱቄት አሽቼ ነበር ፍርዴን የምሰጠው፤
«ይሄ ይደገማል፣ ይሄኛው ልሟል» ስል
ቁና የያዘ ሁሉ ጣቴን ይቀበላል።
አፌን ማን ያምነዋል? አፌማ ይቀልዳል።

ዘንድሮ ተገላበጠ፣
ዳኛው ጣት ተከሰሰ።
ሲስተር ኩለኒ መጣች ከሆስፒታል፣
ክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ይዛ፣
ከእጅ አንጓ ታስራ ጣት የምትነክስ።
«ጋሽዬ፣ እጅዎን ይዘርጉ» አለችኝ።
«አንቺ ልጅ፣ ስሜን አታርዝሚው፤
ዘርጋ ብቻ ይበቃል።»

ሳቀች። አሰረችልኝ። አስረዳችኝ፦
ሌሊት ትንፋሼን ትቆጥራለች፣
ደሜ ውስጥ ያለውን አየር ትመዝናለች፣
ቁጥሩ እሷ ስልክ ላይ ያርፋል፤
ከሰማንያ ስምንት ከወረደ ትደውላለች።
ሚዛን ለኔ?
ሚዛንን እኔ አውቀዋለሁ፣ ጣት ሲያርፍበትም፣
መቶ ግራም፣ ሁለት መቶ፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ...
እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዛሬ አልጨርሰውም።

አዳማ ነፋስ አላጣች። ከኮረብታው አናት
ነጫጭ ወፍጮዎቹ፣ ሦስት ሦስት ክንፍ አውጥተው፣
ሌት ከቀን ይፈጫሉ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅ ንፋስ፤
መብራት ነው ዱቄቱ፣ በሽቦ የሚሸጠው።
እኔ እዚህ በረንዳዬ ላይ፣ በርጩማ ተደግፌ፣
ከዚያ ሁሉ እህል
አንዲት እፍኝ አጣሁ ለራሴ የምፈጨው።

የካቲት ላይ አቧራው ተነሣ።
ከአልጋ እስከ በር
ሁለቴ
አረፍኩ።
ሆስፒታል እንዳልል፣ ሽኩር ትዝ አለኝ፣ ጎማ ጠጋኙ፤
በእግሩ ገብቶ ነበር፣
የወጣው በሰው ትከሻ ነው።
ስለዚህ ምስባህን ጠራሁት፣ ጆንያ ተሸካሚውን፣
ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፤
«እንካ ይቺን እሰራት፣ ለዛሬ ሌሊቱ።»
የድሮ ልማድ ነው፤
ጣት አሳረፍኩ ሚዛኑ ላይ።

ሲነጋጋ ስልኩ ጮኸ።
«ጋሽ ዘርጋ፣ እንዴት አደሩ?»
«ይመስገነው፣ ደህና።»
«ዘጠና ዘጠኝ!» አለች። «እሰይ!
ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ
ልብዎ ሲጋልብ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ።
ሩጫ ነው ወይስ ጭፈራ?»
(ለካ ያ ጉድ አጥር ዘሏል፤
መብራት ኃይል ሠፈር አንዲት ልጅ አለችው።)

ዝም አልኩ። ዝም አለች።
በመሃላችን ትንፋሼ ብቻ፣
እንደ አሮጌ ቀበቶ ሞተሩ ላይ ሲፏጭ፣
ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ።
«ይሄ ነው የእርስዎ» አለች ቀስ ብላ።
«እኔ የምፈልገው ይሄንን ነበር።»

ባጃጅ ላከችብኝ። ሦስት ቀን አፍንጫዬ ላይ ቱቦ።
በእግሬ ገባሁ። ሽኩርን ይቅርታ እየጠየቅኩ
በእግሬ ወጣሁ።
ምስባህ ቦርሳዬን ያዘ፤ ቀና ብሎም አላየኝ፤
እኔም ስለ ልጅቷ አልጠየቅኩትም።

ማታ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርክም የለም።
ኮረብታው ላይ ግን ክንፎቹ ሲዞሩ ይሰማኛል፣
ወይም የሚሰማኝ መሰለኝ።
ዕቃዋ እጄ ላይ አረንጓዴ ብልጭ ትላለች፣
ቁጥሬን ይዛ ቆማለች፣
ቁና ይዞ እንደሚሰለፍ ደንበኛ፣ ተራዋ እስኪደርስ።
እጄን በመስኮቱ ወደ ሆስፒታሉ በኩል ዘረጋሁ፤
ሞኝነት ነው፣ ግን ዘረጋሁ።
ሰማንያ ሰባት ይሁን ሰማንያ ስድስት፣ እንጃ።
የኔ ነው።
ጣት አላረፈበትም።