ማግኔት ያልሳበው

ትልቁ ጋናችን በጥምቀት ማግስት ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፤
ግማሹን ጠላ ደጁ ጠጣው፣ ግማሹ እዚያው ደረቀ።
እኔም ከፍራንኮ ወዲያ፣ ከሸምሱ ቁራሌ ግቢ፣
ሁለት የማይዝጉ የብረት ጋኖች አየሁ፣ አቧራ ለብሰው እንኳ ዓይን ሳቢ።
ማግኔት ከኪሴ አውጥቼ ሆዳቸው ላይ አስጠጋሁ፤
አልያዘም፣ ተንሸራቶ ወደቀ። «እነዚህ ናቸው» ብዬ ተረጋጋሁ።

«ወተት ነበረባቸው» አለ ሸምሱ፤ «ሁለቱም የወተት፤
ፋብሪካው ሲዘጋ ያነሳኋቸው፤ ወላሂ፣ በእውነት!»

በጋሪ ጫንኳቸው። የጅቡቲ መኪና በጎኔ እያጓራ፣
የአዳማ ንፋስ አቧራውን ፊቴ ላይ እንደ እህል ሲያዘራ፣
ጋሪው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ሁለቱ ሲጋጩ፣
የመንገዱ ልጆች «ደወል መጣ!» እያሉ ሲንጫጩ፣
ብርቄ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ጋን ቢሆን በግራዋ አሽቼ በወይራ ባጠንኩት፤
ጭስ የማይገባውን ይኼን ምን ላድርገው፣ ቆዳው እንደ መስተዋት?»

ሃያ ዓመት ወንጂ ስኳር ቤት ቱቦ ያጠብኩ ሰው ነኝ፤
የብረት ዐመል አውቃለሁ፤ ብረትም የሚያውቀኝ ይመስለኛል።
ሶዳውን ወደ ውሃ እንጂ ውሃውን ወደ ሶዳ አልጨምርም፤
ጓንት ሳላጠልቅ፣ መነጽር ሳላደርግ ክዳኑን አልከፍትም።
በሽቦ አላሽም። ሽቦ ይቧጭረዋል፣
በጭረቱ ውስጥ ዝገት እንቁላሉን ይጥላል።
በስፖንጅ፣ በፈላ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ በሎሚ፣
ጎን ለጎን እያገላበጥኩ እንደ ታማሚ።
ላስቲኩን ከክዳኑ ፈልቅቄ ጣልኩት፤ የክፉ ሽታ ጎሬ!
ቧንቧውን ፈታሁ፣ ጥርስ ጥርሱን በብሩሽ ፋቅሁ ከትናንት እስከ ዛሬ።

የመጀመሪያው ጠራ። ውሃ ስለቅበት ሳይሰበር
አንድ ወጥ ሆኖ ወረደ እንደ ሐር።
ብርቄ አንገቷን አስገብታ አሸተተች፤
«ምንም አይልም» አለች፤ ወደ ሁለተኛው ዞረች።

ሁለተኛው ግን ይላል።
ሦስት ቀን አጠብኩት፤ ሦስቴ ሽታው ተመለሰ፤
ወተት ቢኮመጥጥ እንዲህ አይሆንም፤ ይኼ ጉሮሮ እየቧጠጠ ደረሰ።
በአራተኛው ቀን፣ ከታችኛው ቀለበት ሥር፣ ቀለም በተቀባበት፣
በጥፍሬ ስፍቀው ተላጠ፤ ብቅ አለ አሮጌ ወረቀት፤
የራስ ቅል፣ ሁለት አጥንት፣
«ተባይ ማጥ...» የሚል፣ ጫፉ የተበላ ጽሕፈት።

ጋሽ ደገፋ ከአጥር ወዲያ መፍትሔ አያጣም፦
«ደግመህ አፍላበት እንጂ! ብረት እኮ አይጠጣም።
ካልሆነም ለሸምሱ መልስለት፤ ብርህን ይሰጥሃል።»

ይሰጠኛል፤ ሸምሱ ክፉ ሰው አይደለም።
ነገ ግን ሌላው ማግኔቱን ይዞ ይመጣል፤ ማግኔቱ አይይዝም፤
«ወተት ነበረበት» ይባላል። ሰውዬው አፍንጫው ባይነግረውስ?
ለልጁ ሠርግ ቢጠምቅበት፣ ሙሽራዋ ብትቀምስ?

ብርቄ ብዙ አትናገርም፦
«ብረቱስ ይጠራ ይሆናል፤ የእኔ ሆድ ግን አይጠራም።»

መሰርሰሪያ ተዋስኩ። ደህና ብረት በዋዛ አይበሳም፤
ሁለት ጫፍ ሰበረብኝ፤ የሦስተኛውን ጩኸት ያልሰማ ጎረቤት የለም።
ዐሥራ ሁለት ቀዳዳ፣ ከሆዱ በታች፣ በዚያ ባማረ ብረት።
«አበድክ!» አለ ጋሽ ደገፋ፤ «የአራት ሺህ ብር ወንፊት!»
ይሁን። ለቅላጭ እንጂ ለጠማቂ አይሆንም ከእንግዲህ።

የቀረውን ጋን፣ ያ ሁሉ ሶዳ፣ ያ ሁሉ ሎሚ ካለፈበት በኋላ፣
ብርቄ እንደገና በግራዋ አሸችው። «ለእሱ አይደለም፤ ለእጄ ነው» አለችኝ፣ ሳታየኝ።
ጥንስሱ ገባ፣ ጌሾው ገባ፤ ማታ ጆሮዬን ጎኑ ላይ ስጥል
ከውስጥ ሹክሹክታ፣ እንደ ሩቅ ዝናብ።

ጠላው ሲደርስ መጀመሪያ የመጣው ጋሽ ደገፋ ነው።
ጣሳውን ተቀበለ፣ መረቀን፣ አፉ አደረሰና ቆም አለ፤
ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ፣
ጋኑን ከሥሩ አየው።