ቀጥል

የከተማዬ ስም፣ ዉች፣ ትርጉሙ ጀልባ ነው፤
ወንዙ የታል ብትሉኝ፣ ከእግራችሁ ሥር ነው።
ፋብሪካ ሲተከል በቁሙ ቀበሩት፤
በጡብ ከደኑና አስፋልት አለበሱት።

እኛም ሐሙስ ማታ ብሉዝ የምንጫወት
ከወንዙ ጎረቤት፣ ከአንድ ምድር ቤት፤
ቪቶልድ ሃርሞኒካ፣ ቦዤና ከበሮ፣
እኔ ጊታር ይዤ፣
ጥፍሬ በትራም ግራሶ እንደ ጠቆረ፣ ዘንድሮም እንደ ድሮ።

ሰባት ሰው መጥቷል።
አንዱ ተኝቷል።

አዲስ ዘፈን ነበር፣ ከቲኬት ጀርባ ላይ የጻፍኩት፤
ጉሮሮዬን ጠርጌ "ለእናቴ ነው" ያልኩት።

እናቴ ሠላሳ ዓመት በሽመና ማሽን ጓዳ
የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖራ፣
ጆሮዋን ለማሽኑ ገብራ፣
አንዲት ዜማዬን ሳትሰማ አለፈች።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ
የጊታሬ ክር ጧ! አለ።
ደነገጥኩ። እጄ ቆመ።
የተኛው ሰውዬ ነቃ።
ቦዤና ከበሮዋን ሳታቋርጥ፣ አንገቷን አስግጋ፣
"ቀጥል!" አለችኝ፣
"ቀጥል እንጂ!"

ቀጠልኩ፤
በቀሩት በአምስቱ።

ሲነጋጋ ኮፍያው ተቆጠረ፤ ስልሳ ዝሎቲ ለሦስት።
ድርሻዬ ሃያ ናት፤
የአዲስ ክር ዋጋ፣ አርባ አምስት።