ደቂቃ ሻጩ

አንዱ ብርቱካን ይሸጣል፣ ሌላው ካልሲና መርፌ፣
እኔ ደቂቃ እሸጣለሁ፣ የመብራት ምሰሶ ተደግፌ።
ኤሌውቴሪዮ እባላለሁ፤ በእጄ ደብተር፣ በጆሮዬ እርሳስ፣
በላዬ የሊማ ሰማይ፣ ዝናብ የማያውቅ፣ ጉም ብቻ የሚያለብስ።

ኮምቢ የሚሏት ሚኒባስ ስትደርስ፣ ሾፌሩ አንገቱን ያወጣል፣
«ስንት?» ይላል፤ ከዚህ ሌላ ሰላምታ ከየት ይመጣል።
«ሦስት፣ ጢም ብሎ። ከሱ በፊት ሰባት» እላለሁ፣
የፊተኛው መቼ እንዳለፈ ከደብተሬ አነባለሁ።
ሳንቲም ትወረወራለች፣
ትንከባለላለች፣ ጫማዬ ጋ ትቆማለች።

ባለቤቱ ቤቱ ተኝቶ የቀን ኪራዩን ይቆጥራል፣
ሾፌሩ ነዳጅ ይቀዳል፣ ጎማ ያስነፋል፣ ቅጣት ይከፍላል፤
የተረፈው የራሱ፣ የጎደለውም የራሱ፣
ፌርማታ የቆመ ሁሉ ሳንቲም ነው፣ እግር ያለው፣ ለኪሱ።

ዓርብ አመሻሽ ዊልበር መጣ እየበረረ፣
«ስንት?» አለኝ፣ ላቡ ከግንባሩ እየተንቆረቆረ።
«አንድ» አልኩት፣ «አንድ ደቂቃ፣ ባዶውን ነው የሄደው»።
እውነት ነበር። ደብተሬ ላይ አለ፣ በእርሳስ የጻፍኩት ነው።
ሃምሳ ሳንቲም ወረወረልኝ፣ ጭስ ወረወረልኝ፣ ነጎደ፤
ከሁለተኛው ጥግ ወዲያ አንድ ነገር እንደ ግድግዳ ተናደ።

ኔይዳ ትባላለች። ጂንስ ላይ ዚፕ ትሰፋለች፣
እሷን ለማንሳት ነው የተጋፉት፤ ለሁለቱም እጇን ዘርግታ ነበረች።
ተረፈች። ቀኝ እግሯ ግን ከጉልበቱ በታች ቀረ፣
ያ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ሲረግጥ የኖረ።

ያቺን ሃምሳ ሳንቲም አልበላኋትም፣
ደብተሩ ውስጥ ናት፣ በዚያው ገጽ፤ አልጣልኳትም።

ኋላ ማዘጋጃ ቤቱ አውቶቡስ አመጣ፣ ሰማያዊ፣ ረጅም፣
በሩ ሲከፈት የሚተነፍስ፣ ማንንም ሮጦ የማይቀድም።
ሾፌሯ ሴት ናት፤ ደሞዟ የወር ነው፣ ቢሞላም ባይሞላም ያው፣
ፌርማታ የቆመ ሰው ለሷ ሰው ነው።
ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ደግሞም ከፋኝ፤
«ስንት?» የማይል አውቶቡስ ለምን ብሎ ይፈልገኝ?

ግን አስፋልቱ ሲያልቅ እሱም ያልቃል፤
እኛ ኮረብታው ላይ ነን፣ ቤታችን ከአሸዋው ጋር ይንሸራተታል።
መሐንዲስ መጣ፣ ለካ፣ «ገደል ነው» ብሎ ወረደ፤
የዊልበር ኮምቢ ግን፣ ሌላ ሾፌር ይዞት፣ እየተንገዳገደ፣
በሩ በገመድ ታስሮ፣ እስከ ውኃ ታንከሩ ወጣ።
ኔይዳን ወደ ሐኪም የሚያወርዳት እሱው ነው፤ ሌላ ማን ይምጣ?

እሑድ ተሰበሰብን፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ።
አንዱ ጮኸ፦ «የሁሉ የሆነች አህያ፣ ገለባ ማን ያቀርብላት?»
ሌላው መለሰ፦ «የአንድ ሰው የሆነችውንስ፣ ከዱላ ማን ያስጥላት?»
ተሳሳቁ፣ ተሰዳደቡ። ኔይዳ በክራንቿ ተነሳች፣
ጫጫታው እስኪያልቅ ጠበቀች፦
«ባለቤቱ ማን ይሁን አልልም፤ ይህን ብቻ ንገሩኝ ወገኔ፣
ጥሎኝ ሲያልፍ፣ ገጭቶኝ ሲያልፍ፣ የማንን ደጅ ልጥና እኔ?»

ማንም አልመለሰ። ነፋስ የስብሰባውን ወረቀት በተነ።
ብብቴ ውስጥ ያለው ደብተር ከበደኝ፣ ድንጋይ ሆነ።

ዛሬም ጥጌ ላይ ነኝ። ኮምቢው ሲቀንስ ሳንቲሙ ይቀንሳል፤
እጄ ግን ልማዱን አልተወም፣ ሰማያዊውንም ይመዘግባል፦
«አሥራ አንድ። ግማሽ ሰው።
ሃያ ስድስት። ዘገየ። ፌርማታው ላይ ዘጠኝ ሰው፣
አንዷ በክራንች።» ማንም አይገዛኝም፣ ማንም አይወረውርም፣
እኔም መጻፌን አልተውም።

ትናንት ኔይዳ መጣች፤ «የዘገየበትን ሁሉ ስጠኝ፣
ማዘጋጃ ቤት እሄዳለሁ፣ ደጁ እሱ ከሆነ ይስማኝ።»
ገጾቹን ቀደድኩላት፤ አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፣
«ስንት?» አለችኝ፣ ኪሷን እየዳበሰች።

ዕድሜ ልኬን ቁጥር በሸጥኩበት ጥጌ፣
አንድ እንኳን አጣሁ፣ አፌ ውስጥ ፈልጌ።