ሁለት በር ያለው ሱቅ

ዶሮ ማነቂያ መግቢያ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣
ሁለት በር ያለው ሱቅ ነበር፣ ፀሐይ ባንዱ ብቻ የሚገባ፤
አባት ሲሞት ወንድማማቾች በግድግዳ ከፈሉት፣
በአንድ ጡብ ውፍረት ብቻ አንዱን ቤት ለሁለት ለዩት።
በወዲህ በኩል ይፍሩ፣ ሰዓት ሠሪ፣ ዓይነ ጥሩ፣
በወዲያ ታላቁ ጌጡ፣ ቁልፍ ቀራጭ ለሰፈሩ።

ይፍሩ ጣቱ ትዕግሥት ነው፤ ፀጉር የምታህል ሞላ፣
ትንፋሹን ይዞ ያሻግራል፣ ካንዷ ጥርስ ወደ ሌላ።
ደሙ ግን ሌላ ሰው ነው። ከወዲያ ሞረድ ሲያፏጭ፣
እሰማዋለሁ ቆሜ፣ ጥርሱ በጥርሱ ሲፋጭ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? ካባት ባርኔጣ በወጣ ዕጣ፣
ፀሐይዋ ለጌጡ ሆነች፤ ለይፍሩ ጥላው መጣ።
ዕጣው ተጭበርብሯል አለ። ዘመዶች ሽማግሌ ላኩ፤
ሦስተኛው ላይ ወንበር አነሳ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነካኩ።

አሥራ አንድ ዓመት።

ልጁ ሱራፌል ግን ያውቃል፣ የኋላ በሩን በጓሮ፤
ከአጎቱ ዘንድ ይቀመጣል፣ በምሳ ሰዓት ዞሮ።
ሊስትሮው ያውቃል፤ ሎተሪ አዟሪዋም፤ እኔም አውቃለሁ።
ለአባቱ ማን ይነግራል? ስሙስ ይፍሩ አይደል? ፈርቼ ዝም አልሁ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት። ጌጡ ሚስማር መታ፣
ለቁልፍ መስቀያ አንድ ሚስማር፤ ጫፏ ወጣ በይፍሩ ቦታ።
አንዲት ጫፍ፤ የስንዴ ቅንጣት የማታህል።

መንገድ ከሚቆፍሩት ልጆች ትልቁን መዶሻ ሲነጥቅ፣
ገለል አልኩለት እንጂ እጁን አልያዝኩም፤ ምን ልደብቅ።
አንዴ መታ። ሁለቴ መታ። አቧራው መንገዱን ጋረደ፤
ሰው ነው ቀድሞ የተናደደ፤ ግድግዳው ኋላ ተናደ።

ፀሐይም፣ አሥራ አንድ ዓመት የተጣሉባት፣
በወዲህም በወዲያም ገባች፣ ዕጣ ሳያሻት።
ከጡቡ ሥር የተማሪ ጫማ፣ ማሰሪያው እንደታሰረ።
ጌጡ በባዶ እጁ ይቆፍራል፤ ጥፍሩ ተሰበረ።
ያ ሞላ የሚያነሳው ጣት፣ ያ ትንፋሽ የሚያቆየው፣
አንድ ጡብ ማንሳት አቃተው።

ዛሬ ጊዮርጊስ አጥር ሥር፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤
ሰዓት ስንት ሆነ ቢሉት፣ «ስድስት» ብሎ ያፈጣል።
የኔን ሰዓት ጌጡ ሰጠኝ፣ ከፍርስራሹ ለቅሞ፤
ይሠራል። ጠግኖት ነበር፣
ያን ሐሙስ፣ ጠዋት፣ አስቀድሞ።