የጠገበ ፊደል

ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት
ሱቅ ነበረው ረምዚ፣ አንድ በር አንድ መስኮት፤
ጣሳው ላይ የደረቀ ሰማያዊ ቀለም፣
ከጆሮው የማትወርድ እርሳስ፣ ሌላ የለም።

ፊደሉ ወፍራም ነው፣ ማዕዘን የማያውቅ፣
ሆዱን ገፋ አርጎ ለአላፊው የሚስቅ፤
“መ” ሁለት ዱባ ናት፣ ጎን ለጎን ያደረች፣
“በ” በርጩማ ሆና “ቁጭ በል” ትላለች፤
“ጎሚስታ” ሲልማ ቃሉ ራሱ ይነፋል፣
ሚስማር የነካው ’ለት “ትስስ” ብሎ ያልቃል።

ከፊራ ያለው ጭማቂ ቤት
ፍሬው ባለቀበት ቀን እንኳ
ሰው “ማንጎ”ን አንብቦ ምራቁን ይውጣል።
የባጃጁ ኋላ “ቀስ” ይላል፤
አንድ ቃል ብቻ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
ሹፌሩ ግን ይበራል።

ሁሉን ግን አይጽፍበትም።
አንድ ባለ ግቢ መጣ፣ ግድግዳው ላይ
“መኪና ማቆም፣ ቆሻሻ መጣል፣ መሽናት፣
ተደግፎ ማውራት፣ ጫት ይዞ መቀመጥ
በሕግ ያስቀጣል” እንዲልለት።
ረምዚ ብሩሹን ጨመቀ።
“ይህ ፊደል ከሦስት ቃል በላይ ካስኬዱት ያልበዋል።
ለክልከላ ደግሞ ፊቱ እሺ አይልም።”

ሌላ ቀን ሐድራ መጣች፣
ለወንድሟ ስም፣ ለመቃብሩ ጣውላ።
ወፍራሙን ብሩሽ ወደ ጣሳው መለሰ፤
“እሱ ማልቀስ አልተማረም” አላት።
በቀጭኗ ጻፈ፣ ገንዘብም አልወሰደ።

እኔ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ፣ ቀለም አማሳይ።
አንድ ቀን “ወ”ን ሰጠኝ፤ አወፈርኳት፣ አወፈርኳት፣
ሁለቱ ቀዳዳዋ ጠፋ፣ ድፍን ዳቦ ሆነች።
ጭንቅላቴን በእርሳሱ ነካ አደረገ፦
“አንተ! በድሬ ፀሐይ
መስኮት ሠርተህ ደፈንከው?
ፊደልም ይተነፍሳል እኮ።”

ኋላ ባነር መጣ። ማሽኑ በደቂቃ
የሰው ፎቶ፣ ርችት፣ ወርቃማ ጥላ ያለው ጽሑፍ
እየጠቀለለ ይተፋል።
ረምዚ አልተሳደበም። አንድ ማለዳ በሩ ላይ
በዚያው ሰማያዊ፣ በዚያው ሆደ ሰፊ ፊደል

ተዘግቷል

ብሎ ጻፈና ዕቃውን ሊሸክፍ ገባ።
እስከ ቀትር ዘጠኝ ሰው አንኳኳ።
“ምን ተከፈተ?” አለው የመጣው ሁሉ፤
አንድ ሕፃን ሳንቲም ጨብጦ አይስክሬም ጠየቀ።
ረምዚ ወጥቶ በሩን አየው፣ ቆየ፣ ሳቀ።
“ጥፋቱ የኔ ነው” አለ፣ “አጥግቤ አሳደግኩት።”

አሁን ሳቢያን፣ ቬንቲሌተር ሥር፣ ኮምፒውተር ላይ
ያንን ፊደል ፎንት አደርገዋለሁ።
ከአሮጌ ፎቶ፣ ከተቀደደ ቆርቆሮ፣ ከቆመ ባጃጅ ለቅሜ
ሁለት መቶ ምናምን ደረስኩ።
“ወ” ዛሬም ታስቸግራለች፤ ስታንስ ዐይኗ ይከደናል፤
በፀጉር ስፋት እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ።
የቀረችኝ “ቷ” ናት።
በዕድሜው ሲጽፋት ያየሁት አንዴ፣ በዚያ በር ላይ።

በሩን ገንደ ቆሬ አገኘሁት፣
የዶሮ ቤት መዝጊያ ሆኖ።
ማስመሪያዬን ሳወጣ ባለቤቲቱ ጠየቀችኝ፦
“ልትገዛው ነው?”
“አይ፣ አንድ ፊደል ልለካ።”
የታችኛውን ጣውላ ምስጥ በልቶታል፤
ከ“ል” እግር ሥር
ዶሮዎቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤
እነሱም አላመኑትም።