አቧራውን የጠረግሁ ቀን

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው፣ ከዚራ ጭር ብሏል፤
ራፖር ጻፊዎቹ ካርቶን አንጥፈው ዛፍ ሥር ተጋድመዋል።
ሥራ የፈታ እጅ አርፎ አይቀመጥም፤
ብሎኑን ፈታሁ፣ ጎኑን ገለጥኩ፣ ያየሁትን አላምንም፦

የኮምፒውተሬ ሆድ ውስጥ ድሬ ተኝታለች።

የደቻቱ አሸዋ፣ ዱቄት የመሰለ፣
ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ገራባ ማራገቢያው ላይ የዋለ፣
የደረቀች ጉንዳን፣ የባጃጅ ጢስ፣ ጠጉር፣
ስንት ዓመት ሙሉ የተከማቸ ምድር።

ኢምራን ከጎሚስታው የጎማ መንፊያውን ጎትቶ አመጣ፤
እፍ! ሲልበት ከሳጥኑ ትንሽ ደመና ወጣ።
በቀለም ብሩሽ ጠረግን፣ በጨርቅ ወለወልን፣
«አሁን ገና ሰው መሰለ!» ተባባልን፣ ክዳኑን ገጠምን።

ከዚያማ አልነሳም።

ማብሪያውን ስጫነው ማራገቢያው ዞረ፣
መብራቷ አረንጓዴ፤ ስክሪኑ ግን ጥላሸት መስሎ ቀረ።
አንድ ረጅም ጩኸት። ደግሞ አንድ ረጅም።
እንደ በሽተኛ፣ ቃል አያወጣ፣ ዝም ብሎም አይተኛም።

«አቦ ተይው፣ ቆሻሻው ነበር ደግፎ ያቆመው!»
አለ ኢምራን ስቆ። እኔ አልሳቅሁም፤
የስንቱ አቤቱታ ነው ሆዱ ውስጥ ያለው!

ሶኬቱን ነቀልኩ፣ መለስኩ።
ከኋላ ያለችውን ትንሿን ማብሪያ ነካሁ።
የስክሪኑን ገመድ ፈታሁ። አሰርኩ። ፈታሁ።
ላቤን በሻሼ ጠረግሁ።
ከዚያ ሚሞሪዋን፣ ያቺን ማስቲካ የምታክለውን፣
በልጄ ላጲስ ፈገፈግሁላት ወርቃማ ጥርሶቿን፤
መልሼ ተጫንኳት በቀስታ፣
ጠቅ አለች ባንድ ጎን፣ በሌላውም ጠቅ፣ በተርታ።
ኢምራንም የሰዓቱን ባትሪ፣ ያቺን ሽልንግ መሳይ፣
አውጥቶ መለሳት፤ «ሁሉን ይርሳና እንደ አዲስ ይነሳ እንደሆን እንይ።»

ተነሳ!
ኢምራን ሲጮህ ጎሚስታው ድረስ ተሰማ።
እኔ ግን ዓይኔ ከስክሪኑ ጥግ ቀረ፣ ቀኑ ላይ፦
በፈረንጅ ጥር አንድ፣ ሁለት ሺህ ሁለት ይላል።

እንደሱ ከሆነ ደቻቱ ገና አልሞላም፣
የዚያ ሌሊት ጎርፍ ከተራራው አልወረደም፣
የወንድሜ የዚያድ ሬዲዮ መጠገኛ ከወንዙ ዳር ቆሟል፣
በሩ ገርበብ ብሎ፣ መብራቱ በርቷል፤
ብየዳው እየጨሰ፣ በከንፈሩ ብሎን ይዞ፣
የሰው ቴፕ ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ አጎንብሶ፣ ፈዞ፣
«አቧራ ነው በሽታው» ይላል፣ ቀና ሳይል።

«ቀኑን አስተካክይው እንጂ» አለኝ ኢምራን።
«ቆይ» አልኩት።
ሻይ ሊያመጣ ወጣ። ማራገቢያው ይዞራል፣
ንጹሕ ነው፣ ድምፁም አይሰማም።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ኑሪያ የውርስ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጣች፤
ጥላዋን በሩ ላይ ሰቅላ፣ «ቀኑን እንዳትረሺ፣
ባለፈው ቀን የለውም ብለው መለሱኝ» አለች።

አልረሳሁም፣ አልኳት።
ወረቀቱ ላይ የዛሬን መታሁ።
ጥጉን አልነካሁትም።