ስልክ ማዛወር፥ ሃያ ዩሮ

ኦሉ ከተማ ላይ፥ በታኅሣሥ ብርድ፥
ፀሐይ ለወጉ ያህል ብቅ ብላ ስትወርድ፥
የስልክ ሱቅ አለኝ፤
በስተግራ አንድሮይድ፥ አይፎን በስተቀኝ።

መሐሉ ላይ ቆሜ ሰው አሻግራለሁ፤
ከአንዱ ወደ አንዱ ቤት ጓዙን አዞራለሁ፤
ፎቶውን፥ ስሞቹን፥ የማንቂያ ደወሉን፥
ከስድስት ዓመት በፊት የሞተ ድመቱን።
ክፍያው ሃያ ዩሮ፤ ብዙም አይፈጅም፤
ግን ማንም በጸጥታ ቤት ለቅቆ አይሄድም።

ታፒዮ የሚሉት የአውቶቡስ ሾፌር
አንድሮይዱን ሲያነሣ ይጀምራል ነገር፦
«ይኼ ቤት የኔ ነው፤ ግድግዳውን ልግፋ፥
መስኮት ልቅደድበት፥ ጣሪያውን ላስፋፋ፤
እዚያ ተከራይ ነህ፤ ምስማር አትመታ፥
ወንበር አታዞርም ሳይፈቅድልህ ጌታ።»

ሄልካ ትስቃለች፤ የጥርስ ሐኪም ናት፤
የእጅ ስልኳ ነጭ፥ ጭረት ያልጎበኛት፤
«ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ስቆፍር ውዬ
ማታ ደግሞ ስልኬን ልጠግን ነው ብዬ?
ቁልፉን ይያዙልኝ! በሩ ከተዘጋ
እንቅልፌን ልተኛ፥ ሌሊቱ እስኪነጋ።»

ታፒዮ መለሰ፤ ሄልካም ቀጠለች፤
ስለ ቻርጀር ገመድ ምላሷን ሳለች።
(በረዶ ላይ ሲወድቅ ሁለቱም ይሰበራል፤
ያን ጊዜ ክርክሩ ለኔ ገንዘብ ይሆናል።)
«አንተስ ከማን ወገን?» ሲሉኝ ዝም እላለሁ፤
ግራ ኪሴ ሲጮህ ቀኜን እነካለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሽማግሌው ኦስሞ፥
ጢሙ ላይ በረዶ እንደ ዱቄት ታትሞ፥
ከብብቱ ሥር አወጣ
አንድ አሮጌ ስልክ፤ ዕድሜ ጠጥቶት የነጣ።
አይፎን አይደለም እሱ፥ አንድሮይድም አይደለ፤
ጎሣው የፈረሰ፥ ብቻውን የዋለ።
የቁልፎቹን ፊደል አውራ ጣቱ በልቶ፥
ባትሪውን በላስቲክ ጠፍሮ አስሮ መጥቶ፦
«ቀይር ተብያለሁ፤ ኔትወርኩ ሊዘጋ ነው፤
ግን የሚሳሳተው፥ ከሁለቱ የቱ ነው?»

«ምን?» አልኩት።
ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤
ጓንቱን በጥርሱ አወለቀና
ነገረኝ።

ሌምፒ ነበር ስሟ። ስልኩ ግን አያውቃት፤
ሲጽፍላት ሁሌ «ሙቀት» እያለ ያርማት።
በፊንላንድኛ ቃሎቹ ጎረቤት ናቸው፤
የአንድ ሁለት ፊደል አጥር ነው የለያቸው።
«ሙቀት፥ ዓሣ ይዣለሁ።» «ሙቀት፥ አውቶቡስ አመለጠኝ።»
«ሙቀት፥ ቁልፉን ረሳሁ።» «ሙቀት፥ ሐኪሙ ምን አለ? ንገሪኝ።»
አሥራ ሰባት ዓመት አላረመውም።
እሷም «ሌምፒ ነኝ» አላለችውም።
አሁን የለችም።
ማታ ማታ ግን ስሟን ይጽፋል፤
ስልኩ ሲሳሳት ያያል፤
አይልከውም፤
ያጠፋዋል።

አንድሮይዱን አነሣሁ፤ ጻፍኩ። «ሌምፒ» አለ።
አይፎኑን አነሣሁ። «ሌምፒ»።
ሁለቱም ሊቅ ሆኑ፤ ሁለቱም አወቁ፤
አንዲት ፊደል እንኳ ስሟን አልነቀነቁ።
ታፒዮ ያወራለት ያ የሚገፋ ግድግዳ፥
ሄልካ የተኛችበት የተቆለፈው ጓዳ
ለኦስሞ አንድ ሆኑበት፤
ሁለቱም ቤት ውስጥ ሚስቱ በትክክል ተጻፈችበት።

«መላ አለው» አልኩት። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ፥
የግል መዝገበ ቃል የሚለውን ከፍቼ፥
ሌምፒ ሲባል «ሙቀት» በል ብዬ አዘዝኩት።
«ይኼ ታዞ ነው» አለ ኦስሞ። «ያኛው ሳያውቅ ነበር።»
ዝም አልን።
የበረዶ መጥረጊያው መኪና ሲያልፍ
የመደርደሪያው መስታወት ተንቀጠቀጠ።
«ግን እኮ» አለ ቆይቶ፥
«እኔም ኋላ ኋላ አውቄ ነበር የተውኩት።»

የቱን እንደ ገዛ
ታፒዮና ሄልካ እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል፤ አልነግራቸውም።
ሃያ ዩሮውን ከፈለ፥ ሳንቲም ሳንቲሙን ቆጥሮ፤
«መላኩን ልሞክር» ብሎ ቁጥሬን ወሰደ፤
ኮፍያውን ደፍቶ ወደ ማቆሚያው ወረደ።

ዘጠኝ ሰዓት፥ ጨለማ፥ ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት።
ኪሴ ጮኸ።
ቀኜን ነካሁ። ከዚያ ግራዬን።
«ሙቀት፥ አውቶቡሱ መጣ።»